«ኸርሊ በርሊ» ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? በአማርኛስ ምን እንበለው?

ጥያቄውን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ለንደን ነው የምትኖረው፤ 15 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የሼክስፒርን ማክቤዝ እያነበቡ ነው። አንድ ማታ በቴሌግራም ደወለችልኝ። እናቴ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ልጅቷ ጮክ ብላ ስታነብ አያቷ ሰምታ፣ ይሄ ኸርሊ በርሊ የምትይው ምንድን ነው ብላ ጠይቃታለች። ልጅቷ ነገሩን በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች። አማርኛው ግን አልመጣላትም። «ጋሽዬ፣ ለእማማ ምን ልበላት?» አለችኝ።

ቶሎ ብዬ «ትርምስ» አልኳት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ቃሉ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ጆሮዋን የሳበው ነገር የለበትም። እሷ የጠየቀችው ስለ ድምፁም ጭምር ነበር።

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲያመልጠኝ ውስጤ ይብሰለሰላል። በዚያው ሌሊት ተርጓሚዎችና የቋንቋ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት መድረክ ላይ ጥያቄውን ለጠፍኩት። ቦታውንም ነገርኳቸው። የቴአትሩ መክፈቻ ነው። በነጎድጓድና በመብረቅ መሀል ሦስት ጠንቋዮች ይገናኛሉ። አንደኛዋ፣ እንደገና የምንገናኘው መቼ ነው ትላለች። ሁለተኛዋ፣ ኸርሊ በርሊው ሲያበቃ፣ ጦርነቱም ሽንፈቱና ድሉ ሲለይ ነው ትላታለች። ሦስተኛዋ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሆናል ብላ ትጨምራለች። የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው። የቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ምንድን ነው? ከየት መጣ? ድምፁን ሳይጥል የሚተካው የአማርኛ ቃልስ አለ?

በ9 ቀን ውስጥ 44 መልስ ገባ። የጠቀመኝን፣ ያናደደኝንና ያስደነቀኝን እነግራችኋለሁ።

መልስ 1 አጭርና ጨዋ ነበር። ቃሉ ሁካታ፣ ግርግር፣ ጫጫታ ማለት እንደሆነ ነገረኝና ለእናቴ ሰላምታ ልኮ ሄደ። መልስ 2 በዚህ ተስማምታ አንድ ነገር አከለች። ዛሬ እንግሊዞች ቃሉን ሲጠቀሙበት ደም አይታያቸውም አለች። የገበያ ወከባ፣ የምርጫ ሰሞን ሩጫ፣ ልጆች የሞሉበት ቤት ጩኸት ነው የሚታያቸው። እንደውም ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ደስ የሚል ነገር እንዳለበት ጻፈች።

መልስ 3 እዚህ ላይ አረማት። ያ የዛሬው ስሜት ነው፤ በሼክስፒር ዘመን ቃሉ ከባድ ነበር አለ። ማስረጃም አቀረበ። በዚያው በማክቤዝ ከጠንቋዮቹ ቀጥሎ መድረክ ላይ የሚወጣው ደም በደም የሆነ ወታደር ነው። በሌላው የሼክስፒር ቴአትር፣ በሄንሪ 4ኛ የመጀመሪያው ክፍል ላይም ንጉሡ ይህንኑ ቃል የሚናገረው ዐመፀኞችን ሲወቅስ ነው። ለውጥ ፈላጊው፣ ያኮረፈው፣ አፉን ከፍቶ ወሬ የሚጠብቀው ሁሉ የሚጓጓለትን ሁከት ነው በዚህ ቃል የጠራው። እኔ ይህን እርማት ወድጄዋለሁ። ቃሉን የሚሰማ ሰው በጨዋታ ድምፁ ተታሎ በውስጡ ያለውን ጦርነት ሊስተው ይችላል። ማክቤዝ የተጻፈው በ1606 አካባቢ ነው፤ የታተመው ደግሞ በ1623። በዚህ ሁሉ ዘመን መሀል አንድ ቃል ከጦር ሜዳ ወርዶ ገበያ ቢገባ አይገርምም።

መልስ 4 ረጅም ነበር። የጻፉት ባሕር ዳር ከ30 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ያስተማሩ አባት ናቸው። ሁላችንም «መምህር» እያልን ነው የምንጠራቸው። እሳቸው እንዳስረዱት የቃሉ ሥር «ኸርል» የሚለው ግስ ነው። ዛሬ በኃይል መወርወር ማለት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ ግስ የወጣው «ኸርሊንግ» ሁከት፣ ግርግር የሚል ትርጉም ነበረው። ከዚያ ሰዉ «ኸርሊንግ ኤንድ በርሊንግ» ማለት ጀመረ። በ1530ዎቹ ደግሞ አጥሮ «ኸርሊ በርሊ» ሆነ። የሁለተኛው ግማሽ ሥራ ለመጀመሪያው ማስተጋባት ነው። ከኋላ ተቀጥሎ ቤት ይመታል፤ በዚህም የነገሩን ብዛትና መደራረብ ለጆሮ ያሰማል።

መምህር በዚህ አላበቁም። በእንግሊዞች ዘንድ አንድ የታሪክ ወቅት «የኸርሊንግ ጊዜ» ይባል እንደነበር ጻፉ። 1381 ነው፤ የገበሬዎቹ ዐመፅ። ንጉሡ ሪቻርድ 2ኛ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከ15 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። በ4 ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ነበር። የኤሴክስና የኬንት ገበሬዎች ተነሱ። ሰኔ 13 ቀን ለንደን ገቡ። የሳቮይን ቤተ መንግሥት አቃጠሉ። በማግሥቱ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሳይመን ሰድበሪ ተሰየፈ። ሰኔ 15 ቀን ስሚዝፊልድ ላይ መሪያቸው ዋት ታይለር ከንጉሡ ጋር ሲነጋገር ከከንቲባው ዊልያም ዋልወርዝ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ተገደለ። ከዚያ ሁሉም ተበተነ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ያን ሰሞን «ኸርሊንግ» ብለው አስቀሩት።

ይህን ሳነብ ለእህቴ ልጅ ወዲያው ላክሁላት። ስሚዝፊልድ ከትምህርት ቤቷ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ሄዳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሞቀ።

መልስ 5 የመጣው አንድ ትልቅ ግኝት አገኘሁ ካለ ሰው ነው። «ኸርል» መወርወር ከሆነ፣ እኛም «ወረወረ» እንላለን፤ ስለዚህ እንግሊዞች ቃሉን የወሰዱት ከእኛ ነው አለ። ሥሩ ግዕዝ ነው የሚልም አከለበት። መልስ 6 ከደስታ ብዛት ሦስት ባንዲራ ለጠፈ። መልስ 7 ግን ምሕረት አላደረገችም። ቋንቋ አጥንታ የወጣች ሴት ናት። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን፣ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ነገር እያነበበች እንደሰለቻት፣ ሥር የሚገኘው በዘመንና በጽሑፍ ተከታትሎ እንጂ በምኞት እንዳልሆነ ጻፈች። ኩራታችን በዚህ ላይ የቆመ ከሆነ ደካማ ኩራት ነው የሚልም ነበረበት። በመልስ 8 ያው መልስ 5ን የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። አገሯን እንደማትወድ፣ የነጭ መጽሐፍ እንዳሳታት ነገራት። እዚህ ላይ አወያዩ ገብቶ ሰው ላይ እንዳትሄዱ፣ ቃሉ ላይ ቆዩ ማለት ግድ ሆነበት።

በሐሳቡ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ኸርልን በድሮ እንግሊዝኛ ጽሑፎች ወደ ኋላ ብንከተለው የምናገኛቸው ዘመዶች በሰሜን ጀርመን ያሉ ቃላት ናቸው። ቢሆንም ያ ሰው ያየውን ነገር ንቄ አላልፈውም። «ወረወረ» ስትል አፍህ ውስጥ አንድ ነገር ይሽከረከራል። ሁለቱ «ረ»ዎች ድንጋዩን ያስወነጭፉታል። ኸርልም እንዲሁ ነው።

ይህን በደንብ ያስቀመጠው መልስ 9 ነው። ሄንሪ ፒቻም የተባለ እንግሊዛዊ በ1577 ስለ አንደበተ ርቱዕነት በጻፈው መጽሐፍ «ኸርሊ በርሊ»ን ድምፅን ከሚመስሉ ቃላት ጋር እንደመደበው አመጣ። ሰዎች ነገሩ ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ በአፋቸው ሲቀዱት የሚፈጠር ቃል ማለት ነው። እኛ «ጓ አለ»፣ «ዷ አለ»፣ «ተንኳኳ» እንደምንለው። ቃሉ ከግስ ሊወጣ ይችላል፤ እዚህ የደረሰው ግን ድምፁ ስለሸጠው ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። መልስ 7 የጻፈችው ሴትም በዚህ ተስማማች። ያኛው ሰው ዝም አለ።

ከ10 እስከ 15 ያሉት ከርዕሱ ወጣ ብለው እንደ ኸርሊ በርሊ ቤት የሚመቱ ሌሎች የእንግሊዝኛ ቃላትን ቆጠሩ። ብዙዎቹን በፍጥነት አልፋቸዋለሁ። «ፔል ሜል»፣ ማለትም ተደበላልቆና ተጣድፎ፣ ከለንደኑ የፓል ማል ጎዳና ስም መጣ ያለ ነበር፤ ወዲያው ታረመ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ውስጡ መቀላቀል የሚል ግስ አለበት። የጎዳናው ስም ደግሞ በኳስና በመዶሻ ከሚጫወቱት የድሮ ጨዋታ የተወሰደ ነው። «ሀገር መገር»ም ተነሳ። መጀመሪያ በድብቅ ማለት ነበር። በሐምሌት ውስጥ ንጉሡ የተገደለውን አማካሪውን ፖሎኒየስን በዚህ ዓይነት ቀበርነው ይላል። ኋላ ላይ ዝርክርክ ማለትም ሆነ። አንዲት ማንቸስተር የምትኖር እናት ደግሞ ስለ «ኸልተር ስኬልተር» ጻፈች። ቃሉ ተጣድፎ በትርምስ መሮጥ ነው። እንግሊዝ አገር በየባዛሩ ያለውን መንሸራተቻም እንዲሁ ነው የሚጠሩት። ከእንጨት የተሠራ ማማ ነው። ልጆች በውስጡ ደረጃ ይወጣሉ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በውጭ በኩል እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ልጇ መጀመሪያ ፈርቶ አናቱ ላይ አልቅሶ፣ ከወረደ በኋላ 11 ጊዜ ደግሞ እንደወጣ ጻፈች። ለጻፈችው ነገር 30 ሰው ልብ ሰጣት።

እኔን ያስደሰተኝ «ዊሊ ኒሊ» ነው። ድሮ ትርጉሙ ብፈልግም ባልፈልግም ማለት ነበር። መልስ 14 የጻፈው ወጣት እኛ ልክ ይህን የመሰለ ቤት የሚመታ ቃል አለን አለ፤ «በውድም በግድም»። እውነቱን ነው። አንድ ለአንድ ይገጥማል። እንዲህ ሲገጥምልኝ ቀኔ ይበራል።

መልስ 16 አየርላንድ የሚኖር ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ለ6 መልስ ያህል ቃሉን ረሳነው። «ኸርሊንግ» አየርላንድ ውስጥ የጨዋታ ስም ነው አለ። በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ከአሽ ዛፍ የተሠራ ጫፉ ጠፍጣፋ ዱላ ይይዛሉ። ትንሽ ኳስ በአየር ላይ ይቀልባሉ፣ ይመታሉ። በ2018 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። መጀመሪያ ያየ ቀን ዕንባው እንደመጣ ጻፈ። ለምን? ገናን ስላየ።

በቃ፤ ሁሉም ተነሳ። መልስ 17 ጎጃም ገጠር ያደገ ነው። የገና ዱላ የሚሆን ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ ከኅዳር ጀምሮ ጫካ ለጫካ ይዞሩ እንደነበር አስታወሰ። መልስ 18 ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ከጠፍር ይሠሩ የነበሩት አጎቱ እንደነበሩ ተረከ። ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ነክረው ያለሰልሱታል፤ አጥብቀው ይጎነጉኑታል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። መልስ 19 ቅልጥሙ ላይ ያለውን ጠባሳ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ሩሯ ያረፈችበት ቦታ ነው፤ 40 ዓመት ሆኖታል። መልስ 20 «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አነሳች። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታ፣ ቢሰድብም፣ ቂም አይያዝም። ዓመቱን ሙሉ የታፈነው ሁሉ ሜዳ ላይ ይፈታል። መልስ 21 በኮርንዎል፣ ሴንት ኮለም በምትባል ከተማ፣ ከጾማቸው መግቢያ በፊት ባለው ማክሰኞ የከተማውና የገጠሩ ሰው በብር የተለበጠች ኳስ ይዞ በጎዳናው እንደሚተራመስ ጨመረ። ባለሱቆች መስኮታቸውን በሳንቃ ይደፍናሉ። የዚያም ጨዋታ ስም «ኸርሊንግ» ነው።

ከርዕስ ወጥተናል የሚሉ ነበሩ። ለእኔ ግን ይህ ክፍል ለቃሉ ሥጋ ሰጠው። መወርወር፣ መሯሯጥ፣ መጋፋት፣ መጮህ፤ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ታየኝ።

መልስ 22 ወደ ነገሩ መለሰን፤ አመላለሱ ግን ስለት ነበረው። የጻፉት ሰውዬ ዕድሜያቸው የገፋ እንደሆነ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። መምህር ስለ 1381 የጻፉትን ጠቅሰው እኛም እኮ «የኸርሊንግ ጊዜ» አለን አሉ። የታኅሣሥ ግርግር። 1953 ዓ.ም.፤ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ በክብር ዘበኛ ጦር የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት። ታዲያ ለምንድን ነው ግርግር የምንለው ብለው ጠየቁ። ሰው ሞቶበታል። ባለሥልጣናት በታገቱበት ቤተ መንግሥት ተረሽነዋል። ዓላማ ነበረው፣ አዋጅ ተነቦለታል። ግርግር ማለት ዓላማውን መንጠቅ ነው፤ ስሙን ያወጣው ያሸነፈው ወገን ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

መልስ 23 በቁጣ ነው የመጣው። ሰውዬው በዚያን ጊዜ የሞቱትን እያወደሱ ነው ብሎ ተረጎመው። መልስ 24 እሱን አላነበብክም አለው። መልስ 25 ሕዝቡ ስም ሲያወጣ ያየውን ነው የሚያወጣው አለች። ሰዉ መንገድ ላይ ያየው ታንክና ሩጫ ነው፤ አዋጁን ስንቱ ሰማው ብላ ጠየቀች። መልስ 26 እንግሊዞቹም ዘንድ ያው ነበር አለ። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ መነኮሳትና ካህናት ነበሩ። የሴንት ኦልባንስ ገዳሙ ቶማስ ዋልሲንግሃም ለገበሬዎቹ ያለውን ጥላቻ አይደብቅም። ገበሬው ግብሩ ከበደኝ፣ ባርነቱ በቃኝ ብሎ ተነሳ። የገበሬው ወገን የጻፈው ዜና መዋዕል ግን አልተረፈም። ለእኛ የደረሰን «ኸርሊንግ» የሚለው ስም ነው።

ይህ ክርክር ለሁለት ቀን ቆየ። ቃላት ጠነከሩ። ሁለት መልስ ተሰረዘ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ጨበጥኩ። እንዲህ ያለ ቃል ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው ቃል ነው። ከውስጥ ያለ ሰው የሚሮጥበትን ያውቃል። ጠንቋዮቹም እኮ ከሩቅ ነው የሚያዩት። ሰው ሲተላለቅ ለእነሱ ቀጠሮ መያዣ ነው። ሼክስፒር ቃሉን በእነሱ አፍ ያኖረው በከንቱ አይመስለኝም። ለዚህ ሐሳብ ሰውዬውን አመሰገንኳቸው፤ መልስ 29 የእኔ ነው።

መልስ 30 ደግሞ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነው። የጻፈችው በሙያዋ ተርጓሚ ናት፤ እህቴ ነው የምላት። ሁላችንም የአማርኛ ቤት መምቻ ስንፈልግ የተሳሳተ ቦታ እየፈለግን ነው አለች። እንግሊዝኛ ትርምስን ሲያሰማ ጅራቱን ይዞ ራሱን ይቀይራል። ኸርሊ፣ በርሊ። ኸልተር፣ ስኬልተር። አማርኛ ግን ራሱን አንድ ጊዜ ተናግሮ ጅራቱን ይደግማል። ትርምስ፣ ትርምስምስ። ድብልቅ፣ ድብልቅልቅ። ዝብርቅርቅ። ምስቅልቅል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ተነባቢዎች ተመልሰው ይመጣሉ። ነገሩ ተበተነ ስንል፣ ቃሉም ከኋላው ይበተናል።

ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። እነዚህን ቃላት ዕድሜ ልኬን እናገራቸዋለሁ። እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። ወረቀት አወጣሁና ፊደላቱን ነጣጥዬ ጻፍኳቸው። ምስቅልቅል፤ ም፣ ስ፣ ቅ፣ ል፣ ቅ፣ ል። ቅል፣ ቅል። ዝብርቅርቅ፤ ርቅ፣ ርቅ። ልክ ነው። ጥጥ ከእንዝርት ሲያመልጥ እንዳለው ያለ ነገር አለበት።

መልስ 31 ቤት የሚመቱም አሉን እንጂ ብሎ «አርቲ ቡርቲ»ን፣ «እንቶ ፈንቶ»ን፣ «አንጃ ግራንጃ»ን ደረደረ። መልስ 32 ወዲያው አረመው። እነዚህ የተተራመሰ ነገር ስም አይደሉም፤ የፍሬ ቢስ ወሬና የሰበብ ስሞች ናቸው። ሰው አርቲ ቡርቲ ያወራል፤ ከተማ ግን አርቲ ቡርቲ አይሆንም። እንዴት ያለ ጆሮ ነው! አማርኛ ቤት የሚመታውን ለወሬ፣ ጅራት የሚደግመውን ለትርምስ አስቀምጧል ማለት ነው። መልስ 33 «ውጥንቅጡ የወጣ» የሚለውን አነሳ፤ በሁለቱ መሀል ያለ ቃል ነው። መልስ 34 ደግሞ «ግርግር ለሌባ ይመቻል» ብሎ ግርግርም ራሱን የደገመ ቃል መሆኑን አስታወሰ። ግር፣ ግር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራው ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሱ መሆናቸውን መልስ 35 አስታውሳ፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት አለች። ተገቢ ማሳሰቢያ ነው። መምህር በ36 አንድ ምክር ሰጡኝ። የጠንቋዮቹ ስንኝ ከሌላው ያጠረ ነው፤ ከበሮ እንደሚመታ ይረግጣል፤ እንግሊዝኛው ላይም ሦስት መስመር በተከታታይ በአንድ ድምፅ ቤት ይመታል። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን ይዘህ አትታገል፣ ስንኙን ያዝ አሉኝ። መልስ 38 ትርምስ «አያልቅም»፣ «ይበርዳል» ነው የሚባለው አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ይህን ጻፍኩ፦

ትርምስምሱ የበረደ ለታ፣
አንዱ ረትቶ አንዱ ሲረታ።

ለጠፍኩት። ወደዱት። «ረትቶ» እና «ሲረታ» አንድ ሥር ሆነው ድሉንና ሽንፈቱን መያዛቸው ጥሩ ነው ያሉ ነበሩ። «የበረደ ለታ» የሚለው ለጠንቋይ በጣም የቤት ነው፣ ጎረቤት ቡና ልትጠራ የመጣች ይመስላል ያለም ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ነው የወደድኩት። ሴቶቹ ስለ ቀጠሮ ነው የሚያወሩት።

ለእህቴ ልጅ ላክሁላት። ለአያቷ አነበበችላት። በማግሥቱ ጠዋት ከእናቴ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ 4 ደቂቃ ነው። ስንኙ ጥሩ ነው፣ ግን «ትርምስምሱ» የሚለውን «ግርግሩ» አድርገው አለችኝ። ትርምስምስ የዕቃ ነው፣ የቁም ሳጥን ነው አለች። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። በታኅሣሥ ግርግር የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። አያቴ እሷንና ታናሽ ወንድሟን አልጋ ሥር አስገብታ የጤፍ ስልቻ ፊት ለፊታቸው ደረደረች። ተኩሱ ሲቆም ወንድሟ አልቋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አያቴ ገና ነው ትለዋለች። እንደገና ይጠይቃል። እናቴ እስከ ዛሬ የስልቻው ሽታ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ ነገረችኝ። የተኮሰው ማን እንደሆነ፣ በማን ላይ እንደተኮሰ፣ ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው። በዚያን ቀን የሰማችው ቃል ግርግር ነው። ሌላ ቃል አልነበራትም።

ቃሉን ቀየርኩት። ግርግሩ የበረደ ለታ። የእናቴንም ታሪክ ፈቃዷን ጠይቄ መድረኩ ላይ ጻፍኩ፤ 43ኛው መልስ ነው።

መልስ 44 ከእኚያ ስለ ግርግር ከተከራከሩት አዛውንት ነው። ስለ ክርክራቸው ምንም አላነሱም። እናቴ በዚያን ጊዜ የት ሰፈር ነበረች ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ደውዬ ጠየቅኋት። ስድስት ኪሎ ነው፤ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አጥር በታች።